«1909 በየትኛው አቆጣጠር?»

ባለፈው ሰሞን ከአንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ማኪያቶ ይዘን ስናወራ፣ ስለ አንድ የድሮ ማተሚያ ቤት ውጭ አገር ወደሚገኝ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት በኢሜይል ጥያቄ ልኬ መልስ እየጠበቅሁ መሆኔን ነገርሁት። ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። «ጋሼ፣ ከላኩ ስንት ቀን ሆነዎት?» አለኝ። አራተኛ ቀኔ ነበር። ስልኩን አወጣና «ጥያቄውን ይንገሩኝ፤ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ እመልስልዎታለሁ» አለ። ነገርሁት። እውነትም ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ መልሱ መጣ፤ ሦስት ንጹሕ አንቀጽ፣ የመጽሐፍ ርእስ፣ የገጽ ቁጥር ሳይቀር። ችግሩ፣ እንዲህ የሚባል መጽሐፍ የለም። ደራሲ የተባሉት ሰው አሉ፤ የታወቁ ናቸው፤ ያንን መጽሐፍ ግን አልጻፉትም። ልጁ ብዙም አላፈረም። «እንግዲህ አንዳንዴ ይሳሳታል» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ይህን የምጽፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማማት አይደለም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ያስጨነቀኝ ከልጁ ሳቅ ጀርባ ያለው ግምት ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከማንም ሰው ጥያቄ በኢሜይል ተቀብለው፣ ባለሙያ መድበው መልስ የሚሰጡበት አገልግሎት አለ። ባለሙያዎቹ ሪፈረንስ ይሉታል። ብዙ ሰው ይህን አገልግሎት እንደ ዘገምተኛ ጉግል ነው የሚያየው፤ ሽቦው ተቆርጦ ማንም ሳይነቅለው መንገድ ዳር እንደቀረ የስልክ እንጨት። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ሳቁ በአግባቡ ነበር። እኔ ግን የምለው፣ የዚህ አገልግሎት ዋና ሥራ ጥያቄ ማቃናት ነው። መልስ ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማይመጣ ነገር ነው። ይህን ሳያውቁ የሚጽፉለት ሰዎች ቅር ተሰኝተው ይመለሳሉ፤ ሳያውቁ የሚንቁት ደግሞ ከሱ ሌላ ማንም የማያደርግላቸውን ነገር ያጣሉ።

የጠየቅሁትና የፈለግሁት

ይህ የገባኝ ራሴ አፍሬ ነው። የዛሬ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ አሜሪካ ስኖር፣ ለሰፈሬ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የላክሁት ጥያቄ እስካሁን ኢሜይሌ ውስጥ አለ። «ስለ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ያላችሁን መረጃ በሙሉ ላኩልኝ» ይላል። «እባካችሁ» እንኳ የለበትም። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፤ ከፍቼ ባነበው መረጃ የሚባል ነገር የለበትም። ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ የትኛውን ዘመን ነው የሚፈልጉት? እስካሁን ምን ምን አይተዋል? ቅር ካላሰኘዎት፣ መረጃውን ለምን ፈለጉት? ተናደድሁ። ስጠይቅ መልሶ የሚጠይቀኝ ሰው አልወድም፤ ያቺ «ለምን» ደግሞ ቀበሌ ቀበሌ ሸተተችኝ።

ሁለት ቀን አኩርፌ ከቆየሁ በኋላ እውነቱን ጻፍሁ። ነገሩ የባቡር ጉዳይ አልነበረም። እናቴ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የምታስቀምጠው፣ አራት ቦታ ታጥፎ እጥፋቱ ሊበጠስ የደረሰ አንድ ወረቀት አለ። የአያቷ ነው። ድሬዳዋ ላይ በምድር ባቡሩ ኩባንያ ሥራ መግባቱን ያሳያል ይባላል። ከፊሉ ፈረንሳይኛ፣ ከፊሉ አማርኛ ነው፤ ቀለሙ ጠፍቶ ደህና አድርጎ የሚነበበው በፈረንሳይኛው በኩል ኅዳጉ ላይ በብዕር የተጻፈ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ 1909። እኔ የፈለግሁት፣ ያ ሰው እዚያ ሲገባ አካባቢው ምን ይመስል እንደነበርና ስሙ የሰፈረበት መዝገብ ይኖር እንደሆነ ነው። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ላክሁ። በማግስቱ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር። 1909 በየትኛው አቆጣጠር?

እኔ ኢትዮጵያዊው ያላሰብሁትን አንዲት ፈረንጅ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጠየቀችኝ። (ሴት መሆኗን ያወቅሁት ከስሟ ነው፤ መልኳን እስከ ዛሬ አላየሁትም።) ልዩነቱ ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በፈረንጆቹ 1909 ከሆነ፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ እዚያው ቆሟል፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ፣ ቀሪውን መንገድ የሚቀጥለው ሌላው ኩባንያ ገና እግሩን እየተከለ ነው። በኛ 1909 ዓ.ም. ከሆነ ግን በፈረንጆቹ ከመስከረም 1916 እስከ መስከረም 1917 ያለው ዓመት ይሆናል፤ ልጅ ኢያሱ በመባቻው ከሥልጣን የወረዱበት፣ ሐዲዱም አዲስ አበባ የገባበት። በመጀመሪያው ስሌት ቅድመ አያቴ ነገ ይኑር አይኑር ለማይታወቅ ድርጅት፣ የመስመሩ መጨረሻ በሆነች ከተማ የተቀጠረ ሰው ነው። በሁለተኛው፣ ከባሕር እስከ ዋና ከተማ የሚዘልቅ መስመር ሰው ሲፈልግ የደረሰ።

እናቴ ዘንድ ደወልሁ። ወረቀቱን አውጥታ መስኮት አጠገብ እንድታየው፣ ቁጥሩ በአማርኛው በኩልም ይኖር እንደሆነ ለመንኋት። መነጽሯን ስትፈልግ፣ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ይሰማኛል። ብዙ ቆይታ «ከማኅተሙ ሥር ያለው ጌጥ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ። ጌጥ አልነበረም። የግዕዝ ቁጥር ነው፤ ፊተኞቹ ጠፍተው የመጨረሻዋ ብቻ ቀርታለች፦ ፱። በፈረንጅ 1909 ቢሆን ኖሮ በኛው ፲፱፻፩ ወይም ፲፱፻፪ ይሆን ነበር፤ መጨረሻው ፱ ሊሆን የሚችልበት መንገድ የለም። ያቺ ቁጥር ስንት ዓመት ሙሉ ከቆርቆሮው ውስጥ ተቀምጣ ማንም አላያትም፤ ያሳየችን ወረቀቱን ዓይታው የማታውቅ፣ አማርኛ የማትችል ሴት ናት።

የመጨረሻው ምላሿ ሁለት ገጽ ያህል ነበር። በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የታተመውን የሪቻርድ ፓንክረስትን የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ መጽሐፍ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት አስመጥታ እንደምታውሰኝ ገለጸችልኝ። የሠራተኞች ስም ዝርዝር ግን እዚህ፣ እዚህና እዚህ ፈልጌ አላገኘሁም አለች፤ የፈለገችባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ጠቅሳ። የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ሰነድ፣ የጅቡቲን ጨምሮ፣ የሚቀመጠው ደቡብ ፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ነውና ወደዚያ ብጽፍ እንደሚሻል፣ ስጽፍም ምን ምን ማካተት እንዳለብኝ ጨመረችልኝ። ስለ ባቡር ያላቸውን ሁሉ ብትልክልኝ ኖሮ ምን ላደርገው ነበር? አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ባለሱቅ፣ ራፖር ጸሐፊና ላይብረሪያን

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ድሮ ጠባቂ ነበር፤ መጽሐፉ እንዳይሰረቅ፣ እንዳይቀደድ። ሰውን መርዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው የሚለው ሐሳብ በጽሑፍ ጎልቶ የወጣው በ1876 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ግሪን የተባለ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የዎርሴስተር ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ ፊላደልፊያ ላይ ለተሰበሰቡ የሙያ አጋሮቹ ባቀረበው ጽሑፍ ነው። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር የተመሠረተውም በዚያው ስብሰባ ነበር። ግሪን ያቀረበው ምሳሌ የመርካቶ ሰው የሚገባው ነው፦ ባለሱቅ ደንበኛ ባዶ እጁን ሲወጣ ቅር እንደሚለው ሁሉ፣ ላይብረሪያንም ጠያቂ መልስ ሳያገኝ ሲወጣ ቅር ሊለው ይገባል። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው በሩ ነው። መጀመሪያ ባንኮኒ፣ ቀጥሎ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ስልክ። የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ1968 እ.ኤ.አ. ለስልክ ጥያቄ ብቻ የሚሠራ ክፍል አቋቋመ። በኢሜይል ጥያቄ መቀበል የጀመረው ደግሞ ባልቲሞር የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጤና ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ዓመቱ 1984 እ.ኤ.አ.፣ ብዙ ሰው ኢሜይል የሚባል ነገር ስሙንም ሳይሰማ። ጉግል ያኔ አልተወለደም፤ ዓለም አቀፉ ድርም እንዲሁ። ስለዚህ ይህ አገልግሎት የኢንተርኔት ፍለጋ ተተኪ ወይም ተቀናቃኝ ሆኖ አልተፈጠረም፤ የባንኮኒው ሥራ ነው በሌላ በር የወጣው።

በ2014 እ.ኤ.አ. የኒውዮርኩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች አንድ የተረሳ ሣጥን አገኙ፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሰዎች የጠየቋቸው ጥያቄዎች የተጻፉባቸው ካርዶች ነበሩበት። ኦክቶፐስ ቤት ውስጥ ማሳደግ ይቻላል ወይ ያለ አለ። ዝሆን ሲያሳድደኝ በሕልሜ አየሁ፣ ፍቺው ምንድን ነው ያለም አለ። ሌላው የዐሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሥዕሎች ላይ ሽኮኮ የበዛው ለምንድን ነው፣ ሠዓሊውን እንዳይነክስስ እንዴት አላመዱት ይላል። ሰዎች ሲያነቡት ይስቃሉ፤ እኔ ግን ከካርዶቹ ጀርባ ያለውን ሌላውን ሰው አስባለሁ፤ ሳይስቅ ያዳመጠውን። የሕልሙን ጠያቂ «የሕልም መጽሐፍ ነው የፈለጉት ወይስ ስለ ዝሆን?» ሳይለው አይቀርም።

ይህን ነገር በቅጡ ያብራራው ሮበርት ቴይለር የተባለ ምሁር ነው፤ እሱም በ1968 እ.ኤ.አ.። ሰው ቤተ መጻሕፍት መጥቶ የሚናገረው ጥያቄ አራተኛው እርከን ነው ይላል። መጀመሪያ ውስጥን የሚያሳክክ፣ ስም የሌለው ፍላጎት አለ፤ ቀጥሎ ግማሽ በግማሽ የታወቀ ሐሳብ፤ ከዚያ በቃል ሊገለጽ የሚችል ጥያቄ፤ በመጨረሻም ጠያቂው «እነዚህ ሰዎች ሊመልሱልኝ የሚችሉት ይህን ይሆናል» ብሎ የቆራረጠው ጥያቄ። እኔ ከቆርቆሮው ወረቀት ተነሥቼ «የባቡር መረጃ በሙሉ» ላይ የደረስሁት በዚሁ መንገድ ነው። የላይብረሪያኑ ጥበብ ያን የተቆራረጠ ጥያቄ ይዞ ወደ ማሳከኩ መመለስ ነው። ለኛ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ፣ ባለጉዳዩ የሃያ ዓመት በደሉን ሲዘረግፍለት ብዕሩን አያነሣም። «ቆይ አባቴ፣ ዳኛው ምን እንዲያደርጉልዎት ነው የሚፈልጉት?» ብሎ ይጀምራል። ያልተማረውን የሕግ ትምህርት በዚች አንዲት ጥያቄ ያካክሳል።

«ጉግል እያለ» ለሚሉ

ተቃውሞውን አቅልዬ ማየት አልፈልግም፤ ከሦስት ወገን ይመጣል፣ ሦስቱም እውነት አላቸው። የመጀመሪያው የፍጥነት ነው። የካናዳ ዋና ከተማን፣ የውኃን የመፍያ ነጥብ፣ ነገ ፀሐይ የምትወጣበትን ሰዓት ለማወቅ ላይብረሪያን ማስቸገር ድሮም ነውር ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ቂልነት ነው። ያን ዓይነቱን ጥያቄ ማሽን ወስዶታል፤ ይውሰደው። ነገር ግን ቀላሉ ሲሄድ የቀረው አስቸጋሪው ነው፤ በአስቸጋሪው ላይ ደግሞ ፍጥነት እንዴት እንደሚያዋርድ በ2023 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ታይቷል። ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠረላቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው አየር መንገድ ሲከሱ ተገኝተው 5,000 ዶላር ተቀጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ማሽኑ «አላገኘሁም» ማለት ይከብደዋል። ላይብረሪያን ግን በዚህ ቃል ነው የሚተዳደረው። ባልደረባዬን ያሳቀው የማተሚያ ቤት ጥያቄዬ በስድስተኛው ቀን መልስ አገኘ፦ የለንም፤ እስካሁን ያየናቸው ዝርዝሮች እነዚህ ናቸው፤ ይህን ደግመው አይፈልጉ። አንድ ሳምንት አተረፈልኝ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይቆረቁራል፦ ላይብረሪያኖችስ ይሳሳቱ የለ? ይሳሳታሉ። በ1986 እ.ኤ.አ. ኸርነንና ማክሉር የተባሉ ሁለት አጥኚዎች፣ ማንነታቸውን ሳይናገሩ ጥያቄ የሚጠይቁ ሰዎችን ወደ ቤተ መጻሕፍት ልከው በተገኘው ውጤት፣ ትክክል የተመለሰው ከመቶ ሃምሳ አምስት ገደማ ነው ብለው ሙያውን በሙሉ አስደነገጡ። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የተለካው ቁርጥ ያለ መልስ ባላቸው አጫጭር ጥያቄዎች ነው፤ ማለትም አሁን ለማሽን ይሂድ ባልሁት ዓይነት። እሱን ጥዬ ማለፍ ግን አልችልም። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። በኢሜይል የመጣ መልስ ምንጩን ተሸክሞ ነው የሚመጣ፤ የትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው ገጽ፣ የትኛው ማኅደር። ቢሳሳት የተሳሳተበትን ቦታ አገኘዋለሁ። ባንኮኒ ላይ በቃል የተነገረኝን ግን መርምሬ ልደርስበት አልችልም፤ ከበሩ ስወጣ ግማሹን እረሳዋለሁ።

ማሽኑ የሚሻሻል ነገር ነው፣ ይህ ክርክር ከጥቂት ዓመት በኋላ ያረጃል የሚለኝ ሰው አለ። ይሆናል። ስለ አማርኛ ስናወራ ግን ነገሩ የማሽኑ ብልጠት ብቻ አይደለም፤ የሚያነበው ነገር ነው። በአማርኛ የታተመው አብዛኛው ነገር ድሩ ላይ የለም። የጥንቱ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአዲስ ዘመን ጥራዞች፣ የየክፍለ ሀገሩ ትንንሽ ሕትመት በአብዛኛው በወረቀትና በማይክሮፊልም ነው ያለው። የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ናይሮቢ ላይ ቢሮ ከፍቶ የምሥራቅ አፍሪካን ሕትመት፣ የኛንም ጨምሮ፣ ሲሰበስብ ኖሯል። ያን ለማግኘት ደግሞ ካታሎጉን ማወቅ ይጠይቃል፣ ካታሎጉም የራሱ ሥርዓት አለው። ኢትዮጵያዊ ደራሲ በአባቱ ስም ሳይሆን በራሱ ስም ነው የሚገባ፤ ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ» ብሎ የፈለገ ብዙ ይደክማል። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ድምፅ በሠንጠረዥ ነው የሚቀየር፣ ማንም በኢሜይሉ እንደሚጽፈው አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር በ1965 ወይም በ1966 እ.ኤ.አ. ሥር ነው የሚገኝ። የፍለጋ ሳጥኑ ይህን አይነግርህም፤ «ምንም አልተገኘም» ብሎ ይሸኝሃል። አንተም የለም ብለህ ትሄዳለህ።

የኢሜይሉ እንከን

ሦስተኛው ተቃውሞ ከላይብረሪያኖቹ ከራሳቸው ነው፤ ከሁሉም ይልቅ እሱን አከብራለሁ። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ግንባሩን ሲቋጥር ታያለህ፤ «እሱን አይደለም» የሚለውን ከአፉ ሳይወጣ ታውቀዋለህ። በኢሜይል አንዲት «የትኛው ዘመን?» አንድ ቀን ትበላለች። የኔ የባቡር ጉዳይ በባንኮኒ ቢሆን ሃያ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ የፈጀው ዐሥራ አንድ ቀን ነው፣ ሁለቱ በኔ ኩርፊያ። ስለዚህ በዚህ በር የሚገባ ሰው የላይብረሪያኑን ግማሽ ሥራ ራሱ ተሸክሞ መምጣት አለበት ባይ ነኝ። ፍላጎቱን ከነምክንያቱ ይናገር። ያየውን ይጥቀስ፣ አለዚያ ያየውኑ መልሰው ይልኩለታል። እስከ መቼ እንደሚያስፈልገው፣ ምን ምን ቋንቋ ማንበብ እንደሚችል ይጨምር። የሰው ወይም የመጽሐፍ ስም ካለ በራሱ ፊደል ይጻፈው፤ ቀን ካለ ደግሞ፣ እንደኔ እንዳይሆን፣ አቆጣጠሩን። የማይሠሩትንም ማወቅ ደግ ነው። የሕግና የሕክምና ምክር አይሰጡም፤ የስደት ማመልከቻህ ያዋጣል አያዋጣም ብለው አይተረጉሙልህም፤ ከአያትህ የወረስኸው የብራና መጽሐፍ ስንት እንደሚያወጣ አይተምኑም። ወደሚያውቀው ግን ይመሩሃል።

ኢሜይል ዱካ ይተዋል የሚለው ሥጋትም ቀላል አይደለም፤ በተለይ «ለምን ፈለግኸው» የሚል ጥያቄ ሲሰማ ጆሮው ለሚቆም ለኛ ዓይነቱ። የአሜሪካ ላይብረሪያኖች የአንባቢን ሚስጥር እንደ ሐኪም ይቆጥሩታል፤ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶችም በሕግ ይጠብቁታል። በ2005 እ.ኤ.አ. ኤፍ ቢ አይ ኮኔቲከት ውስጥ የተጠቃሚ መረጃ አምጡ፣ ስለዚህም ለማንም እንዳትናገሩ የሚል ትእዛዝ ሲልክ፣ አራት ላይብረሪያኖች አንሰጥም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በኋላ መንግሥት ጥያቄውን ተወው። ይህ ያስደስተኛል፣ ልቤን ግን ሙሉ በሙሉ አያሳርፈውም፤ ደብዳቤው የሚያልፈው በነሱ እጅ ብቻ አይደለምና። ለጥያቄው የማያስፈልግ የግል ጉዳይ ባይጻፍ ይመረጣል። «ለምን» የሚለውም በግድ የሚመለስ አይደለም፤ ቅር ካላሰኘዎት ነው ያለችኝ፣ ያኔ አላነበብሁትም እንጂ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የኛን ሰው የሚይዘው ግን ሥጋት ሳይሆን ይሉኝታ ይመስለኛል። ዋሽንግተን ዙሪያ ስንት ዘመድ አለኝ፤ ሁሉም «ምን ብዬ አስቸግራቸዋለሁ፣ እንግሊዝኛዬስ» ይላል። ዋሽንግተን ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይቀናው ነዋሪ በቋንቋው ማገልገል አለባቸው፤ አማርኛ ከዋነኞቹ አንዱ ነው። እየከፈሉበት ያለውን ግብር ነው «አላስቸግርም» የሚሉት።

አድራሻ መክፈትና መልስ መስጠት

ይህን ሳወራ «እዚህስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እዚህም ይቻላል ባይ ነኝ፤ ግን እንደሚፈራው በገንዘብ ሳይሆን በሌላ ይወድቃል ብዬ እፈራለሁ። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን ሕትመትና መዛግብት ሲያከማች ኖሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ አገሪቱ የተጻፈውን ሲያሰባስብ ቆይቷል። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ተከፍቶ ወጣቱ ከጧት ጀምሮ ይሰለፍበታል። የሚጠይቅ ሕዝብ አለ፤ የሚጠየቅ ክምችት አለ። ደሴ ያለ መምህር ወይም ጅንካ ያለ የወረዳ ጋዜጠኛ አንድ የነጋሪት ጋዜጣ ገጽ ለማየት አዲስ አበባ ድረስ አውቶቡስ ከሚሳፈር፣ መኖር አለመኖሩን በኢሜይል ጠይቆ ቢሳፈር ምን ነበረበት?

ግን ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። በር ላይ በትልቁ የተጻፈ፣ በራሪ ወረቀት ላይ የታተመ፣ ማንም የማይከፍተው የመሥሪያ ቤት ኢሜይል። አንድ ጊዜ ስሙን ለማልጠቅሰው ቢሮ አምስት ጊዜ ጽፌ ባጣ በአካል ሄድሁ፤ ኢሜይሉን የሚከፍተው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ዓመት እንዳለፈው፣ የይለፍ ቃሉን ይዞት እንደሄደ ነገሩኝ። በዚህ ዓይነት የተከፈተ የጥያቄ አድራሻ ከሌለው ይከፋል፤ ሰው አንዴ ጠይቆ መልስ ካጣ ሁለተኛ አይጠይቅም። እኔን ቢጠይቁኝ ኮምፒውተር አልገዛም፤ የክምችቱን ሆድ ዕቃ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች እመድባለሁ፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ለዚህ ብቻ እንዲቀመጡ አደርጋለሁ፣ የመጣውን ጥያቄና የተሰጠውን መልስ እንዲመዘግቡ አዛለሁ። መዝገቡ ሲያድግ ራሱ መሣሪያ ይሆናል፤ የተጠየቀ ጥያቄ ተመልሶ ይጠየቃልና። ሦስት ቀን ቢዘገይም ግድ የለም። «የለንም፣ እዚህ ቦታ ይጠይቁ» የሚል መልስ ቢሆንም ግድ የለም።

ወደ ፈረንሳይ ቤተ መዛግብት መጻፉን ለዓመታት አሳደርሁት፤ ፈረንሳይኛዬ አያኮራም። አምና በሰው እጅ አስተርጉሜ ላክሁ። ቀኑን ከነአቆጣጠሩ፣ ከተማውን፣ ያየሁትን መጽሐፍ፣ ሁሉንም እንደተማርሁት አሟልቼ። በሁለተኛው ሳምንት መልስ መጣ፣ ያው እንደለመድሁት ጥያቄ ነው፦ ግለሰቡ በፈረንሳይ መዝገብ ላይ በየትኛው ስሙ ተጽፎ ሊሆን ይችላል?

እናቴን ጠየቅኋት። የክርስትና ስሙን ነገረችኝ፤ ቤት ውስጥ የሚጠሩትን ነገረችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፣ ሐዲዱ ላይ የነበሩት ፈረንጆች አፋቸው ስላልቻለው በሌላ ስም ይጠሩት እንደነበር አባቷ ሲያወራ እንደሰማች ትዝ አላት፤ ስሙን ግን አጣችው። ድሬዳዋ አንዲት የአክስቷ ልጅ አለች፣ እሷ ታውቅ ይሆናል። እሑድ እንደውልላታለን።